የሄልዳል ቀለም

ነገሥታት በካርታ ይጣላሉ። ይህን ቲልዳ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ሥራዋ ነው። ፍቅረኛሞችም በካርታ ሊለያዩ እንደሚችሉ የተማረችው ግን በዚህ ሐሙስ ጠዋት፣ በስቶክሆልም የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ቆማ የስቱሬን ደብዳቤ ስትከፍት ነው።

ስቱሬ ረጅም ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነበር። ስለ ፍየሎቹ ብቻ ሁለት ገጽ ይጽፋል። ይሄኛው ግን ግማሽ ገጽ እንኳን አልሞላም።

«ቲልዳ፣
ሰኞ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ጉንቮር ቤት ተሰብስበን አዲሱን ካርታ አየን። አሥራ አንድ ሰው ነበርን። አክስቴ የክሬም ኬክ ሠርተው ነበር። በሚያዝያ ስጠይቅሽ ‹መልሴን ካርታው ላይ ታየዋለህ› ብለሽኝ ነበር። አየሁት። ሸለቆዬን ለባዕድ ጌታ ሰጥተሽዋል። በሰው ፊት እንዲህ ከምታደርጊኝ፣ ‹አይሆንም› ብለሽ ብትጽፊልኝ ይበቃኝ ነበር። ዓርብ ማለዳ ፍየሎቹን ይዤ ወደ ተራራው እወጣለሁ። እዚያ ስልክ አይሠራም፤ እስከ መስከረም አልወርድም። አትልፊ።
ስቱሬ»

ቲልዳ መውረጃዋን አለፈችው። ሦስት ጣቢያ አልፋ ነው የባነነችው። ወርዳ በተቃራኒው ባቡር እየተመለሰች ስልክ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። ስድስት ጊዜ ደጋግማ ደወለች። የትኛው ባዕድ ጌታ? ሄልዳልን፣ የስቱሬን ሸለቆ፣ ለማንም አልሰጠችም። በገዛ እጇ ለብቻው ከልላ፣ ንጉሥ የሌለው የገበሬ ሸንጎ አድርጋ ነው የቀባችው።

የቢሮዋን በር ገና ስትከፍት ኦርያን፣ የካርታው ቡድን መሪ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ተቀበላት።

«ቲልዳ! ሲሲሊዎችሽ የፍየል አይብ አለቀብን እያሉ ነው!»

«የትኞቹ ሲሲሊዎች?»

«ነይ እዪው እንጂ። ተጫዋቹ ሁሉ ከሰኞ ጀምሮ ሲስቅብን ነው የሰነበተው።»

እሷና ባልደረቦቿ የሚሠሩት በመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ስም የሚጫወቱት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። አሮጌው ካርታ ተጥሎ አዲስ ሲሣል ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሰኞ ደግሞ የሰሜኑ ክፍል ሥዕል ለተጫዋቾች ወጥቶ ነበር። ኦርያን በጣቱ አሳያት። በበረዶማዎቹ ተራሮች መካከል፣ ሄልዳል መሆን የነበረበት ቦታ ላይ፣ የጣልያኗ ደሴት፣ የሲሲሊ፣ ጌታ ቀለም ቁጭ ብሏል።

ቲልዳ ክው አለች። ምን እንዳደረገች ወዲያው ገባት።

ኮምፒውተሩ አገርን በስም አያውቅም፤ በቀለም ነው የሚያውቀው። እያንዳንዱ ወረዳ የራሱ ቀለም፣ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቁጥር አለው። ሁለት ወረዳዎች አንድ ቁጥር ከተሰጣቸው፣ መካከላቸው ባሕር ቢኖርም፣ አንድ አገር ናቸው ብሎ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ደንቡ ከዝርዝሩ ላይ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቁጥር መውሰድ ነው። ቲልዳ አራት መቶ ወረዳ እንዲያ አድርጋ ቀብታለች። ሄልዳል ላይ ስትደርስ ግን እጇ እምቢ አላት። ስቱሬ የላከላትን ፎቶግራፍ ከፈተች፤ ከበረቱ ጀርባ ያለው ኮረብታ ፀሐይ ልትወጣ ስትል የሚለብሰውን ሐምራዊ ከዚያው ቀዳች፤ ሸለቆውን በእሱ ቀባችው። ቁጥሩ ተይዞ እንደሆነ አላየችም። አንድ የሲሲሊ ወደብ ቀድሞ ይዞት ነበር። በፍቅር የሚሠራ ስህተት ክፋቱ ይህ ነው፤ የሠራው ሰው ዳግመኛ አያየውም።

«አሁኑኑ ቁጥሩን ልለውጠው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»

«የአምስት ደቂቃ!» አለ ኦርያን። «የወንዙ መሻገሪያዎችስ? ጎረቤቶቹስ? የሸንጎው ሽማግሌዎች ስምስ? ሁሉም በዚያ ቁጥር ላይ ነው የተንጠለጠለው። ዛሬን ሙሉ፣ ነገም እስከ ስድስት ሰዓት ከዚህ ወንበር ካልተነሣሽ ይደርሳል። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ካርታው ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ነጥብ የሚነካ የለም።»

«ሌላ ሰው ቢሠራውስ?»

«ማን ያውቀዋል? ያ የፍየል ሰውዬሽ የነገረው ላንቺ ነው።»

«ቤቴ ወስጄ…»

«ከዚህ ቤት አንድ ፋይል አይወጣም፤ ታውቂያለሽ።»

«እኔ ባልኖርስ?»

ኦርያን ሰው ላይ ጮኾ አያውቅም። ሲከፋው ድምፁ ይለሰልሳል። «ካልኖርሽማ» አለ ለስለስ ብሎ፣ «ሸለቆውን ደምስሼ እንደ ድሮው ግራጫ አደርገዋለሁ። ሲሲሊ ከሚሆን ሰው የማይኖርበት ተራራ ቢሆን ይሻላል።» ፊቷን አይቶ ጨመረበት። «ስህተት ነበር ብለሽ ጻፊለት እንጂ። ይቀዘቅዝለታል። መስከረምም ሩቅ አይደለም።»

ይቀዘቅዛል። ቲልዳ ይህን ቃል ታውቀዋለች። ትዳሯ የፈረሰው በጠብ አልነበረም። እሷም ባሏም «ይቀዘቅዛል» ብለው በተዉት አንድ ዝምታ ነው የፈረሰው። ቀዘቀዘ፤ ከዚያ በረዶ ሆነ።

ጃኬቷን አነሣች።

«ወዴት ነው?» አላት ኦርያን።

«ሲሲሊ» አለች። ቀልድ እንዲሆን ፈልጋ ነበር፤ ድምፅዋ ግን መካከል ላይ ተሰበረ።

*

ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር አምስት ሰዓት ይፈጃል። አምስት ሰዓት ሙሉ የምትናገረውን ስታጠናና ስትረሳ ሄደች።

ስቱሬ በመጀመሪያ የጻፈላት የስድብ ደብዳቤ ነበር። «ለካርታው ሠሪ» ይላል አድራሻው። «ሸለቆአችንን ማንም የማያልፍበት ግራጫ ተራራ አድርጋችሁታል። እባክዎ ይምጡና ይህንኑ ለፍየሎቼ ይንገሩልኝ። እኔ ስነግራቸው አያምኑም።» ብቻዋን እየሳቀች መለሰችለት። እሱም መለሰ። የደብሩን ወሰን በእግሩ ዞሮ ላከላት። ወንዙን በየት በኩል እንደሚሻገሩት በጎማ ቦቲ ገብቶ ለካላት። አክስቱ ጉንቮር፣ የመንደሩ ታሪክ ማኅበር ሰብሳቢ፣ በደህናይቱ አንድ ዓይናቸው የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ መዝገብ እያነበቡ ስም ለቀሙላት። ስለ ወሰንና ስለ ወንዝ ሲጻጻፉ ስለ ሌላውም መጻጻፍ ጀመሩ። ከዚያ አንድ ዓርብ ባቡር ተሳፈረች።

ሁልጊዜ ዓርብ ነው። ልጅዋ ኤባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ ሳምንት ከእናቷ፣ አንድ ሳምንት ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ርክክቡ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ቲልዳ አንዲት ደቂቃ አርፍዳ አታውቅም። ኤባ ከአባቷ ጋር በምትሆንበት ሳምንት ቤቱ ይሰፋባታል፤ የልጅቷ ትንሽ ጫማ ከበሩ ሥር ሲጎድል እንኳን መተንፈስ ያቅታታል። ያንን ሳምንት ነበር ለስቱሬ የሰጠችው።

በሚያዝያ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ስቱሬ ወተት እያጠለለ ሳለ ቀና ሳይል «እዚህ ብትኖሪስ? ከእኔ ጋር» አላት። እሷም ሳቅ ብላ «መልሴን ካርታው ላይ ታየዋለህ» አለችው። ያን ጊዜ ጨዋታ መስሏት ነበር። አሁን፣ የጥዱ ደን በመስኮቱ ሲሮጥ እያየች፣ ለምን እንደዚያ እንዳለች ራሷን ጠየቀች። መልሱን ስታገኘው ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች። ካጠገቧ የተቀመጡት ሰው እንዳያዩዋት ብላ ነው።

*

ከአውቶቡሱ ስትወርድ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ፀሐይዋ ግን ገና የመጥለቅ ሐሳብ አልነበራትም። አክስት ጉንቮር የበረቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው የሐር መሐረብ ያህል ስስ በሆነ ጨርቅ የአይብ መጭመቂያ ያደርቃሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው።

«እንኳን ደህና መጣሽ አልልሽም» አሉ። «እኛ ሲሲሊዎች እንግዳ እንዴት እንደሚቀበሉ ገና እየተማርን ነው።»

«አክስት ጉንቮር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ…»

«ኬኩን የነካው የለም። አሥራ አንድ ሰው ኬክ ከብቦ ዝም ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ? በቀብር ላይ እንኳን ይበላል!» ከዚያ በአገጫቸው ወደ በረቱ አመለከቱ። «እዚያ ነው። ከሰኞ ወዲህ በብስጭት አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው፤ ቀስ በዪ።»

ስቱሬ ተንበርክኮ የፍየሎቹን ደወል በሣር ይወትፋል። ሰዉ ተኝቶ ሳለ በመንደሩ ሲያልፉ እንዳይጮኹ ነው። ሰፊ ጀርባው ወደ እሷ ነበር።

«ባቡርሽ ስንት ሰዓት ነው?» አለ። ሰላምታው ይህ ነበር።

«ነገ ጠዋት። ስቱሬ፣ ስህተት ነው። እኔ ለማንም አልሰጠሁትም።»

ነገረችው። ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ሲሲሊው ወደብ፣ ስለ ዝርዝሩ። ስለ ፎቶግራፉ ስትነግረው እጁ ደወሉ ላይ ቆመ። ጆሮውን ብቻ ነው የምታየው፤ ጆሮው ቀላ።

«ኮረብታው?» አለ።

«ኮረብታው።»

ደወሉ ውስጥ ሌላ ጭብጥ ሣር ጠቀጠቀ። ቲልዳ አሁን ይዞራል፣ አሁን ያየኛል ብላ ጠበቀች።

«እንግዲያው ስህተት ከሆነ አስተካክዪዋ» አለ።

«ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

«እና?»

«እና እኔ እዚህ ነኝ።»

ያን ጊዜ ዞረ። አምስት ሰዓት ሙሉ ባቡር ላይ ያለመችው ፊት ይህ አልነበረም።

«እዚህ ነኝ ማለት ምን ማለት ነው? ማን ነው የሚሠራው?»

«ማንም። ይደመሰሳል። እንደ ድሮው ግራጫ ይሆናል።»

«ማን ነይ አለሽ!» ብድግ አለ። «አትልፊ አላልኩሽም? አክስቴ ባንድ ዓይናቸው ሁለት ዓመት መዝገብ ሲያነቡ! አሥራ አንድ ሰው… ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ያቺ ልጅ በስህተት ሰጠችን፣ ከዚያ ዐውቃ ጣለችን ልበላቸው? ለምን? ለእኔ ብላ?»

«ስልክህን ስላላነሣህ ነዋ!» ቲልዳም ጮኸች። እንደዚህ መጮህ እንደምትችል አታውቅም ነበር። «አንዴ ብታነሣው እዚያ ቁጭ ብዬ እሠራው ነበር! ስድስት ጊዜ ደወልኩ! ግማሽ ገጽ ጽፈህ ተራራ ልትወጣ! አንተም እኩል ደምስሰኸዋል!»

ፍየሎቹ ማኘካቸውን አቆሙ።

«ሁለታችሁም ጥፋተኞች ናችሁ» የሚል ድምፅ ከደረጃው መጣ። «ቀጥሉ። ብቻ ፍየሎቹን አታስደንግጡ፤ ወተት ይነጥፋል።»

ስቱሬ እጁን በሱሪው ጠረገ። ቁጣው ከፊቱ ሲወርድ ከሥሩ የነበረው ታየ። የተገፋ ሰው ፊት ነበር።

«ካርታውን ተዪው» አለ ዝግ ብሎ። «በሚያዝያ አንድ ነገር ጠይቄሽ ነበር።»

የሸሸችው ይህ ነበር። ባቡሩ ውስጥ ያገኘችው መልስ አሁን አፏ ላይ ነው። ልትውጠው ትችላለች። እስከ ዛሬም ስትውጠው ነው የኖረችው።

«አልችልም» አለች። «መልሱ አልችልም ነው። ያን ቀንም አልችልም ነበር። መልሴ ካርታው ላይ ነው ያልኩህ ለመሸሽ ነው።» እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «ኤባ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከዚያ በር ስትወጣ መጀመሪያ የምትፈልገው እኔን ነው። ግማሽ ሕይወቷን አባቷ ወስዶታል፤ እዚህ ከመጣሁ የቀረውንም ግማሽ እሰጣለሁ። አልሰጥም። አሥራ ስምንት እስኪሞላት ዘጠኝ ዓመት አለ። ዘጠኝ ዓመት ጠብቀኝ በምን አፌ ልበልህ? አልችልም ብልህ ደግሞ ደብዳቤህ ይቀራል። እሱን ማጣት ፈራሁ። ስለዚህ ሳቅሁና ዝም አልኩ። ያታለልኩህ ሰኞ አይደለም፤ ያን ጊዜ ነው።»

ስቱሬ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

«ይህን በሚያዝያ ብትነግሪኝ ኖሮ…»

«ምን ታደርግ ነበር?»

አሰበ። እሱ ለማንኛውም ጥያቄ የሚያስብ ሰው ነው።

«አላውቅም» አለ። «አለቅስ ነበር መሰለኝ።»

አለቀሰም። ድምፅ ሳያሰማ፣ ደወሉን ጭኑ ላይ እንደያዘ። ቲልዳ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች። ልንካው ወይስ እጄ ያቃጥለው ይሆን እያለች፣ የራሷን እጅ በራሷ እጅ ጨብጣ።

*

ሲነጋ ጭጋግ ወንዙ ላይ ተኝቷል። አክስት ጉንቮር ሁለቱን ምርኩዞቻቸውን ይዘው ከፊት፣ ሠላሳ ሁለት ፍየሎች ከኋላቸው፣ ስቱሬና ቲልዳ ከሁሉም ኋላ ሆነው ወጡ። ደወሎቹ ዝም ብለዋል፤ የሚሰማው የሰኮና ድምፅ ብቻ ነው። ቲልዳ በሥዕል የምታውቀውን ሁሉ በእግሯ አለፈችው። ይኸው መሻገሪያው። ይኸው የደብሩ ድንጋይ። ዛሬ በስድስት ሰዓት ይህ ሁሉ የለም ይባላል፤ የለም ያሰኘችው እሷ ናት። ቆማ የአጥሩን እንጨት ያዘች።

«ስድስት ሰዓት ላይ የት ትሆኛለሽ?» አለ ስቱሬ።

«ባቡር ላይ። አንተስ?»

«ማንም በማያልፍበት ተራራ ላይ ፍየል እየነዳሁ።» አልሳቀም፤ የአፉ ጥግ ግን ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ለእሷ ከበቂ በላይ ነበር፤ ደግሞም አንጀቷን ቆረጠው።

«ማኅበሩንስ ምን ትላቸዋለህ?»

«አክስቴ ትናንት ነግረዋቸዋል። ለሁሉም ደውለው።»

«ምን ብለው?»

«‹ካርታው ላይ የለንም፤ ልጅቷ ግን መጥታለች› ብለው። ሁለቱ ዘጉባቸው። አንዷ ‹ልጅቷ በልታለች ወይ› ብላ ጠየቀች።»

መንገዱ የሚለያይበት ደረሱ። አንዱ ወደ ደኑ ይወጣል፤ ሌላው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ይወርዳል። አክስት ጉንቮር ወደ ኋላ ሳይዞሩ ፍየሎቹን ይዘው ቀጠሉ።

«ልጅሽን መቼ ነው የምታስረክቢያት?» አለ ስቱሬ።

«ዛሬ እቀበላታለሁ። የሚቀጥለው ዓርብ አስረክባለሁ።»

«ከላይ እስከዚህ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። አክስቴ ሁለት ቀን ያልባሉ።» የእግሩን ጫፍ ያያል። «በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚህ እቆማለሁ።»

«እስከ መስከረም አልወርድም ብለህ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«ከዚያስ? ክረምትስ ሲመጣ? ዘጠኝ ዓመትስ?»

«አላውቅም፣ ቲልዳ።»

የአውቶቡሱ ድምፅ ከታች ከመታጠፊያው ተሰማ። ቲልዳ እጅጌውን ያዘች። ትናንት ያልደፈረችውን ያዘች፤ ሸካራውን ሱፍ በጣቶቿ ጨበጠች።

«ይሄ አይበቃም» አለች። «ስቱሬ፣ አይበቃም።»

ይበቃል እንዲላት ጠበቀች። ሰው እንዲያ ነው የሚለው፤ ባሏም እንዲያ ይል ነበር።

«አዎ» አለ። «አይበቃም።»

ስላልዋሻት ይበልጥ አጥብቃ ያዘችው። አውቶቡሱ ደርሶ ቆመ። ሹፌሩ የመንደሩን ሰው ሁሉ የሚያውቅ ነው፤ በሩን ከፍቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ ጠበቀ። ቲልዳ አልተንቀሳቀሰችም። አንዲት ቃል፣ «ቅሪ» የምትል አንዲት ቃል ቢናገር፣ ዛሬ በአሥር ሰዓት ምን እንደምታደርግ ራሷን አላመነችም። ፈራች፤ ስቱሬም መፍራቷን ዐይኗ ውስጥ አየው።

ጣቶቿን አንድ በአንድ ከእጅጌው ፈታቸው። ቀስ ብሎ፣ የተያዘ ወፍ እንደሚፈታ።

«ልጅሽ በር ላይ ትቆማለች» አላት። «ሂጂ።»

ወጣች። የኋለኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሕይወቷ ማንም ሰው እንዲህ ወድዷት እንደማያውቅ፣ እንዲህም ፍቅር ተርባ እንደማታውቅ በአንድ ጊዜ ገባት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ሹፌሩም ምንም ሳይል ሬዲዮውን ዝቅ አደረገላት።